ሁለት ከርነልና አንድ ምርቃት

ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሬን ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ መለስኳት። ሆን ብዬ አይደለም፤ ሆን ብዬ ቢሆንማ ጉልበቴንም አብሬ እመልስ ነበር። ነገሩ የጀመረው ውስጧ ያለችው፣ መብራት ሲጠፋ ቀኑን እንዳትረሳ የምታደርጋት፣ ሳንቲም የምታክል ባትሪ በመሞቷ ነው። እኔም መነጽሬን አጥልቄ፣ አሮጌዋን ባትሪ በማንኪያ እጀታ ፈንቅዬ፣ ከሰዓት ሠሪው ያመጣኋትን አዲስ ባትሪ ከተትኩላት። ተነሳችና ቀኑንና ሰዓቱን ጠየቀችኝ። ቀና ብዬ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አየሁና የእኛኑ ዓመት፣ የእኛኑ ወር፣ የእኛኑ ቀን አስገባሁላት። ሰዓቱንም ከእጄ ላይ አንብቤ ሦስት ሰዓት አልኳት። እንግዲህ ዕድሜ ልኬን የሰው ማመልከቻ ስተይብ የኖርኩ፣ ዓመተ ምሕረቱን ከፈረንጁ ያደባለቀ ደንበኛ ሲመጣ «ይሄማ እንዴት ይሳሳታል!» እያልኩ አንገቴን ስነቀንቅ የነበርኩ ሰውዬ ነኝ።

ማሽኗ ከዚያ በኋላ የመጣላትን ሁሉ ጠረጠረች። ማሻሻያ አውርጂ ስላት፣ የምታወርደው ነገር ከወደፊት የመጣ ስለመሰላት «ይህ ገና ጊዜው አልደረሰም» ብላ መለሰችው። እኔ ግን ቀኑን ማን አስታውሶት! ፓኬጆቿ ተጣልተዋል ብዬ ፈረድኩ። ፓኬጅ ስል ለስልካችን የምንገዛውን ማለቴ አይደለም፤ ሊኑክስ በሚባለው ሲስተም ላይ እያንዳንዱ ፕሮግራም ታሽጎ የሚመጣበትን ጥቅል ነው። አንዱን ጥቅል ጥፋተኛው አንተ ነህ ብዬ አስወጣሁት፤ ሦስት ዘመዶቹን ይዞ ወጣ። ሦስቱን ልመልስ ስል ሌሎች አምስት ተቀየሙ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ዋይፋዩ የለም፣ ድምፁ የለም፣ ስክሪኑም ቅር ተሰኝቶ ግማሽ ፊቱን አዙሮብኛል። የቀረኝ አንድ መድኃኒት ማፈር ብቻ ነበርና አፍሬ ለሸምሱ ደወልኩ። ሸምሱ የድሮ የሥራ ሸሪኬ ነው፤ ዛሬ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው፤ ኮምፒውተር ከነካ ዓመታት አልፈዋል።

«ሸምሱ፣ ማሽኗ አበደችብኝ።»

«ጋሼ፣ ሰላምታ ቀረ እንዴ? ምን ነካካህ ደግሞ?»

«ምንም አልነካካሁም።»

«እሺ፣ ምንም ሳትነካካ ምን ምን አጠፋህ?»

አንድ በአንድ ነገርኩት። ባትሪዋ ላይ ስደርስ አቋረጠኝ።

«ቆይ ቆይ፤ ዓመቱን ስንት ብለህ ሞላህ?»

ነገርኩት። ከዚያ ከሆዱ የሚመጣው ሳቅ ፈነዳ፤ ሱቁ ውስጥ ላለው ደንበኛ ጭምር «ኑ ስሙ፣ ኑ ስሙ!» ሲል ይሰማኛል። «ጋሼ! ማሽን እኮ ናት! በባሕረ ሐሳብ አትሄድም!» ካበቃ በኋላ እንባውን እየጠረገ መሰለኝ፣ ለስለስ ብሎ «አሮጌው ከርነል አለ ወይስ እሱንም በላኸው?» አለኝ።

«አለ።»

«እንግዲያ በአሮጌው ተነሳ። እንደ ያኔው።»

ስልኩን ዘጋሁ፤ ግን ወደ ማሽኗ አልሄድኩም። «እንደ ያኔው» የምትለው ቃል እጄን ይዛ ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለችው ጠባብ ሱቃችን ወሰደችኝ። አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ ከላይ ዝናብ ሲመታው ሰው የማያነጋግር ቆርቆሮ። ዝናቡ ደግሞ የዲላ ዝናብ ነው፤ ሲጀምር ማቆሚያውን አያውቅም። በራችን ላይ ቀይና ሰማያዊ ቀለም የተቀባ «ኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ቪዲዮ ቅንብር» የሚል ጣውላ ተንጠልጥሏል። ሦስት ሙያ ቢጻፍም እኛ የምንችለው አንድ ተኩል ያህሉን ነበር። አንድ ገጽ መተየብ በሁለት ብር፣ ሻይ ከፊት ለፊት በአንድ ብር ከሃምሳ፤ ስለዚህ አንድ ገጽ ተይቤ ሻይ ስጠጣ ሃምሳ ሳንቲም የተረፈኝ ሀብታም ነበርኩ። ማዕዘኑ ላይ ያለው ሙዚቃ ቤት ስፒከሩን ወደ መንገድ አዙሮ ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ አንድ ካሴት ያስጮኻል፤ ዘፋኙ ፍቅረኛውን ሲለምን የሚኒባስ ረዳቶቹ «ወናጎ! ወናጎ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላሉ፤ ሁለቱ ልመና ተቀላቅሎ ነው ጆሯችን የሚገባው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ሱሪያቸው ከታች የሰፋ፣ ጫማቸው የሾለ፣ አንገታቸው ላይ ፍላሽ እንደ ማተብ ያሰሩ ነበሩ። ያ ፍላሽ ነው ሲስተሙን የገደለብን። እያንዳንዷ ፍላሽ ከየሰፈሩ ቫይረስ ይዛ ትመጣለች፤ ያንዱ ተማሪ ጥናት ሲከፈት ባዶ ይሆናል፤ ልጁ በራችን ላይ ያለቅሳል፤ እኔ ደግሞ ሙያ ያለኝ ለመምሰል ማውሱን አገላብጬ ሆዱን አየዋለሁ።

ሸምሱ ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ዲላ ላይ ሱቅ የከፈቱ፣ ወንድሞቹ ወደ ገደብ ሚኒባስ የሚያመላልሱ ልጅ ነበር። ማሽኑ የእሱ፣ ጣቱ የእኔ፤ ሽርክናችን ይኸው ነው። አንድ ቀን ለዕቃ አዲስ አበባ ወጥቶ ሲመለስ በካኪ ፖስታ የተጠቀለለ ዲስክ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ይሄ ሊኑክስ ይባላል። ነጻ ነው፤ ቫይረስም አይዘውም» አለኝ። ነጻ ሲባል ጠረጠርኩ፤ ቫይረስ አይዘውም ሲባል ባሰብኝ። ግን ጫንነው፤ እውነትም አልያዘውም። ችግሩ ሌላ ሆነ። ሊኑክስ ሲታመም መድኃኒቱን እንደ ሌላው ከሱቅ አትገዛለትም፤ ተቀምጠህ ታነጋግረዋለህ። ከርነል የሚባለው የሲስተሙ ፍሬ ነገር፣ ማለትም ብረቱንና ፕሮግራሙን የሚያነጋግረው ክፍል፣ የራሱ ቁጥር አለው፤ ዲስኩን፣ ስክሪኑን፣ ኔትወርኩን የሚያንቀሳቅሱት ሾፌሮችም ያንኑ ቁጥር መያዝ አለባቸው። ቁጥራቸው ካልገጠመ አይተዋወቁም። ሸምሱ ይህን ለእኔ ያስረዳኝ በሚያውቀው ሙያ ነው፦ «የአባዱላ ሞተር ላይ የዶልፊን ካምቢዮ ብትገጥም ይሄዳል?» አለኝ። መኪና ነድቼ ባላውቅም እንደማይሄድ ገባኝ።

ለዚህ ሁሉ ትዝታ መንስኤው ግን ጋሽ ጂግሶ ነው። ጋሽ ጂግሶ ከፍስሐ ገነት አልፎ፣ በእግር ዳገት ወጥቶ ከሚገኝ ቀበሌ የሚመጣ የቡና ገበሬ ነው። ስንተዋወቅ ደንበኛዬ ነበር፤ ወደ ቀበሌው የሚወስደው መንገድ እንዲሠራ ማመልከቻ ያስጽፋል። በየጥቂት ወሩ እየመጣ ያንኑ ማመልከቻ ያስጽፋል፤ እኔ የምለውጠው ቀኑን ብቻ ነው። አማርኛን ካደገ በኋላ ስለተማረው ወንድና ሴት መለየት ላይ አይጨነቅም፤ እኔም በእሱ ፊት ስናገር ብዙ ጊዜ እሱን እከተል ነበር። አንድ ልጅ አለው፣ ዘነበች፤ ዲላ ተምራ ዲላ ቀርታ ነርስ የሆነች። እሷን ለማግባት የመጣው ልጅ መምህር ሆኖ አሶሳ ተመድቧል፤ ሠርጉ ቅዳሜ፣ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ደግሞ ሙሽሮቹ በአውቶቡስ ይሄዳሉ፤ ፈቃዱ አልቋል። ሠርጉ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ጋሽ ጂግሶ የቡናውን ጥላ ዛፍ ሲመለምል ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ዝናቡ መንገዱን ንዶታል፤ በቃሬዛ እንኳ እንዳያወርዱት ጭቃው ወገብ ይደርሳል። የስልክ ኔትወርክም እዚያ ዳገት ላይ አይደርስም። አባት ሳይመርቃት ሴት ልጅ ከአገር ትወጣለች ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ በጌዴኦዎች ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። ዘነበች ሱቃችን መጥታ፣ እኔ የማላየው መስሏት ፊቷን ወደ ፎቶ ኮፒው አዙራ «አባባን በቪዲዮ አምጡልኝ» አለች።

ዓርብ ዕለት ሸምሱና እኔ የሰው ካሜራ ተከራይተን ወጣን። እስከ ፍስሐ ገነት በወንድሙ ሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር። እኔ ለክብሬ ብዬ የለበስኩት ሙሉ ልብስ ሁለተኛው ቁልቁለት ላይ ክብሩን ጨረሰ፤ ስንደርስ የጋሽ ጂግሶ ሚስት መጀመሪያ ያጠበችው እኔን ነው። ጋሽ ጂግሶ እንሰቱ ሥር፣ እግሩ በቀርከሃ ታስሮ፣ ካፖርቱን ደርቦ፣ ባርኔጣውን አድርጎ፣ ራሱ ሙሽራ መስሎ ተቀምጧል። ካሜራውን አቃናን። በጌዴኦኛ መመረቅ ጀመረ። እኔ ዕድሜዬን ዲላ ብኖርም ጌዴኦኛን የምሰማው ሩቅ እንዳለ ሬዲዮ ነው፤ ግማሹ ይገባኛል። «የሄድሽበት አገር ውሃ ይስማማሽ» አለና ዝም አለ። ካሜራዋን ትክ ብሎ ያያል። ዝም። «የምትረግጪው መንገድ ይድረቅልሽ» አለና ደግሞ ዝም። ቃሉ የጠፋበት መሰለኝ፤ ለመርዳት ብዬ በአማርኛ፣

«ጋሽ ጂግሶ፣ ቀጥል» አልኩት።

ዞር ብሎ ሳያየኝ በአማርኛ መለሰልኝ፦

«ዝም በል ታዬ። ልጄ አሜን እያለ ነው።»

ለካ ሰውየው ለእሷ አሜን ቦታ እየተወላት ነው! ምርቃት ያለ ተቀባዩ አሜን ግማሽ ነው፤ ስለዚህ ዳገቱ ላይ ሆኖ፣ እሷ ከቀናት በኋላ ዲላ ላይ ተቀምጣ የምትለውን አሜን ይጠብቅላታል። እኔ አዋቂው የቪዲዮ አቀናባሪ ያን ዝምታ ሁሉ ቆርጬ ልጥል በልቤ ወስኜ ነበር። በመጨረሻ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሌላ ነገር አለ፦ «ይህን ቃል ተሸክመው ያደረሱልሽ ሰዎች እግራቸው አይዛል፣ ቤታቸው አይጉደል።» ከዚያ ከሁሉም የረዘመ ዝምታ።

ቅዳሜ ሠርጉን ቀረጽን። ማታውኑ ሁሉንም ወደ ማሽናችን ገለበጥነው፤ እሑድ ጠዋት ካሜራው ካርዱ ጸድቶ ለሌላ ሠርግ ወደ ገደብ ሄደ። እንግዲህ የጋሽ ጂግሶ ምርቃት በዚህ ምድር ላይ ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በሻይና በአቧራ ባረጀች አንዲት ማሽን ሆድ ውስጥ። የቀረን ዲስክ ላይ አትሞ ለዘነበች መስጠት ነው። ዲስክ የሚያትመው ፕሮግራም ደግሞ የለንም። ሸምሱ አዲስ አበባ ካለ ወዳጁ ያስመጣው አዲስ የፓኬጆች ስብስብ አለ፤ እሱን ከተትን። የእኛ ሲስተም አሮጌ፣ ፓኬጆቹ ለአዲስ ሲስተም የተሠሩ። ማሽኗ ስክሪኑን የሞላ ዝርዝር አወጣችና ታች ላይ ጥያቄ ጠየቀች።

«ምን ትላለች?» አልኩት።

«እነዚህን ላውጣ፣ እነዚህን ላስገባ ወይ ነው የምትለው። አዎ ወይም አይ።»

«የሚወጡት ብዙ ናቸው?»

«ጋሼ፣ ሠርግ ነው። በሠርግ ማግሥት አይ አይባልም።»

አዎ አልናት። እኔ ነኝ የተጫንኩት፤ ጣቱ የእኔ ነው ብያለሁ። አዲስ ከርነል ሳይቀር እያስገባች መንገድ ላይ እያለች መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ማሽን ያቆያል የተባለ ዩፒኤስ ነበረን፤ ሥራው መጮህ ብቻ ነበር፤ ጮኸ። መብራቱ ሲመጣ ማሽኗ ነጭ መስመሮችን አንዱን በሌላው ላይ ስትደረድር ቆይታ፣ ሁሉን የምታስቀምጥበትን የውስጥ ዲስኳን አላገኘሁትም ብላ ቆመች። አዲሱ ከርነል ገብቷል፤ ዲስኩን የሚከፍትለት ሾፌር ግን መብራቱ ሲጠፋ ደጅ ቀርቷል። ሸምሱ ራሱን ያዘ። በዚያው ሰዓት ስልኩ ጠራ፤ ዘነበች ናት።

«አባባ መጣልኝ?»

ሸምሱ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። «መንገድ ላይ ነው፣ እህቴ» አላት። ውሸትም አይደለም።

ሰው ሲደናገጥ የሚያውቀውን ሁሉ ይረሳል ይባላል፤ እኔ ግን የማላውቀውንም አስታወስኩ። ስትነሳ ሺፍት የምትባለውን ቁልፍ ከያዝክላት ዝርዝር ታሳይሃለች፤ አዲሱ ከርነል ሲገባ አሮጌውን አትጥለውም፤ ከጎኑ ታስቀምጠዋለች። የእንሰት ገበሬ አዲሱ ሥር ሳይይዝ አሮጌውን እንደማይነቅለው ማለት ነው። ቁልፏን በሁለት አውራ ጣቴ ተጭኜ ያዝኩ፤ ዝርዝሩ መጣ፤ ከታች ያለውን አሮጌውን መረጥን። ተነሳች! ግን ስዕል የለም፣ ማውስ የለም፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ። ሸምሱ የተነሳችበትን ከርነል ቁጥር ጠየቃት፤ ከዚያ የሾፌሮቹን ማኅደር ቁጥር። ጮክ ብሎ አነበበው፤ ጮክ ብዬ ደገምኩት፤ ገጠሙ። የውስጥ ዲስኳ አለ ማለት ነው፤ ምርቃቱም አለ። የቀረው ጠብ የፓኬጆቹ ነው።

እዚህ ላይ ሸምሱን ላመስግነው። እኔ ሁሉንም ነቅለን እንጣል ባይ ነበርኩ፤ እሱ «አይሆንም፣ እንደ ሶንጎ አንድ በአንድ እንስማቸው» አለ። ሶንጎ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ሸንጎ ነው፤ ሁሉ ተሰምቶ ካላለቀ ፍርድ የለም። ተቀመጥን። ከሳሹን ፓኬጅ ጠራን፤ ማን አመጣህ? ያለ ማን መኖር አትችልም? ከማን ጋር አንድ ጣሪያ አትጋራም? አንዱ «እኔ አዲሱን ላይብረሪ ካላገኘሁ አልሠራም» ይላል፤ ላይብረሪ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት ዕቃ ነው፤ እንደ እድር ድስት። ሌላው «አዲሱ ከገባ እኔ እወጣለሁ» ይላል። አዲሶቹን በተራ አስወጣን፤ አሮጌዎቹን ከመጀመሪያዋ ዲስክ መለስን፤ የመለስነውንም እንዳይነካ አገድነው። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ገደማ ስዕሉ መጣ። ስዕሉ መጣ ስል ግን ጋሽ ጂግሶ ከእንሰቱ ቅጠል በማይለይ አረንጓዴ ቀለም መጣ፤ የስክሪኑ ሾፌር ሙሉ በሙሉ አልታረቀም። ድምፁ ግን ጥርት ያለ። መጨረሻ ላይ ሁለት ጠበኞች ቀሩ፦ ቪዲዮ የሚያጫውተውና ዲስክ የሚያትመው። አንዱ አሮጌውን ላይብረሪ፣ ሌላው አዲሱን፤ አብረው አይኖሩም።

«ዲስኩን ካተምን በትክክል መታተሙን ማየት አንችልም» አለ ሸምሱ።

«የሚያጫውተውን ካስቀረን ደግሞ ዲስክ የለም።»

ከዚያ ሸምሱ የሚኒባሱን ቁልፍ አነሳ። «አባቷ ወደ እሷ ካልሄደ፣ እሷ ወደ አባቷ ትምጣ።»

ይህን ማለት ይቀላል። ሙሽራ በሠርጓ ማግሥት ደጅ አትታይም። የሙሽራው እናት በሩ ላይ ቆመው፣ እጃቸውን በሁለቱም በኩል መቃኑ ላይ አድርገው «ልጄ ሆይ፣ ሙሽራ ከቤት አትወጣም!» አሉት ሸምሱን። ሸምሱ ነጋዴ ነው፤ «እማማ፣ ማን ትውጣ አለ? ከቤት ወደ ሚኒባስ፣ ከሚኒባስ ወደ ሱቅ። መጋረጃ አለው። እርስዎም አብረው ይግቡና ይጠብቋት» አላቸው። እማማ የማያምኑትን ነገር በዓይናቸው ማየት የሚወዱ ሴት ስለነበሩ ገቡ። እንዲህ ሆኖ ሚኒባሱ መጋረጃውን ግራና ቀኝ ስቦ፣ ሙሽራና አማት ጭኖ፣ «ወናጎ! ወናጎ!» በሚሉት ረዳቶች መሀል አለፈ። አንዱ ረዳት ሰው ሊጭንበት በሩን ሊከፍት ነበር።

ዘነበች እጇ ላይ ሂናው እንዳለ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሸፍና በሱቃችን ባለ ሦስት እግር ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔ ቪዲዮውን ነካሁት። አረንጓዴው ጋሽ ጂግሶ ባርኔጣውን አስተካክሎ ተናገረ፦ የሄድሽበት አገር ውሃ ይስማማሽ። ዝም አለ፤ አያት። እሷም አየችው። ነጠላዋን ከአፏ አወረደችና ቀስ ብላ «አሜን» አለች። በዚያው ቅጽበት እሱ፣ እንደሰማት ሁሉ፣ ወደሚቀጥለው ሄደ። ደግሞ ዝም፤ ደግሞ አሜን። ዓርብ ዕለት ዳገቱ ላይ የተተወው ባዶ ቦታ ሁሉ እሑድ በሱቃችን ውስጥ በልኩ ሞላ። አንዱ ላይ የእኔው ድምፅ «ጋሽ ጂግሶ፣ ቀጥል» ሲል ተሰማ፤ ጋሽ ጂግሶም «ዝም በል ታዬ» ሲለኝ ዘነበች እያለቀሰች ሳቀች፤ እማማ «ይህ ማነው ምርቃት የሚያቋርጠው?» ብለው ዙሪያውን ቃኙ። እኔ ግን አልታየሁም። ጠረጴዛው ሥር ነበርኩ። የኤሌክትሪኩ ገመድ ሶኬቱ ውስጥ ላላ ብሎ ስለነበር፣ ምርቃቱ እስኪያልቅ ገመዱን በሁለት እጄ ግድግዳው ላይ ተጭኜ ይዣለሁ፤ ትንፋሼ እንኳ እንዳያነቃንቀው ከንፈሬን ነክሻለሁ። ያደረሱልሽ ሰዎች እግራቸው አይዛል የሚለው መጣ። ረጅሙ ዝምታ መጣ። ዘነበች አሜን አለች፤ እማማ አሜን አሉ፤ ሸምሱ ከሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ «አሚን!» አለ። ከጠረጴዛው ሥር ምንም አልተሰማም።

ሰኞ ሄዱ። ዘነበች ዛሬ ሁለት ልጆች አሏት፤ አሶሳም ውሃው ተስማማት፤ ዲስኩንም ከወር በኋላ፣ በፓኬጆቹ መሀል እርቅ ካወረድን በኋላ፣ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ላክንላት። ዛሬም እኔ ከስልኩ ተነስቼ ያንኑ ሺፍት በሁለት አውራ ጣቴ ይዤ፣ በአሮጌው ከርነል ተነስቼ፣ ዋይፋዩ ሲመጣ ቀኑን ለፈረንጆቹ አስረክቤ፣ ያስወጣኋቸውን ፓኬጆች ይቅርታ ጠይቄ አስገባኋቸው። ሠርቷል። ይህን የምጽፍላችሁም በእሷው ላይ ነው።

ያልሠራው ሌላ ነው። ያን ሰሞን ሸምሱ ዳገቱን ወጥቶ ለጋሽ ጂግሶ የሆነውን ሁሉ ሲነግረው፣ ጋሽ ጂግሶ አሜኖቹን እንደ ቡና እሸት አንድ በአንድ ለቅሞ ተቀበለው። ዘነበች አለች፣ አማቷ አሉ፣ እኔም ብያለሁ አለው ሸምሱ።

«ታዬስ?»

«ጋሽ ታዬ ገመድ ይዞ ነበር።»

«ገመድ የያዘው እጁ ነው። አፉስ?»

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በገበያ ቀን ዲላ ሲወርድ በሬን በከዘራው ይመታል። «ታዬ፣ አሜን አለብህ» ይለኛል። እኔም ቆሜ «አሜን፣ አሜን፣ አሜን፤ ይኸው ከነወለዱ!» እለዋለሁ። አይቀበለኝም። «እኔ እንሰቱ ሥር ተቀምጬ ነው የመረቅኩህ፤ ቆመህ ደጅ ላይ የምትወረውርልኝ ምንድነው? መጥተህ በቦታው በል» ይላል። እኔም መንገዱ ይሠራና እመጣለሁ እያልኩ ስንት ክረምት አሳለፍኩ። ማመልከቻውን የምጽፈው እኔ ነኝና መንገዱ እንዳልተሠራ ከማንም በላይ አውቅ ነበር። አምና ሳልዘጋጅ ተሠራ፤ አሁን ባጃጅ እስከ ደጁ ይደርሳል አሉኝ። ጉልበቴን ምክንያት አደረግኩ። እሱ እግሩ ተሰብሮ የተጠገነ ሰው፣ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ዳገት ወርዶ ወጥቶ እኔን ጉልበትህ እንዴት ነው ሲለኝ አፈርኩ፤ ግን አልሄድኩም። እውነቱን ልንገራችሁና፣ የሚጠይቀኝ ሰው ስላለ ደስ ይለኝ ነበር።

ባለፉት ሁለት ገበያዎች ግን በሬ አልተመታም። ሸምሱን ዛሬ ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት ልጠይቀው ብዬ ነበር፤ ሳቁ አስረሳኝ። የዘነበች እናት ገበያ ላይ ለሰው «ደህና ነው፣ ቁልቁለቱ ከበደው እንጂ» ሲሉ እንደነበር ሰምቻለሁ። ቁልቁለቱ ከከበደው መሄድ ያለብኝ እኔ ነኝ ማለት ነው። እስከ ፍስሐ ገነት በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያ እንሰቱ ሥር ቁጭ ማለት። አንዲት ቃል ናት፤ አፌም ደህና ነው። እስካሁን አልከፈልኩም።